ባጃጅ በጠፋ ሰዓት

የጋራ ብስክሌት የሚባለው ተገልጋዩ ከአንድ ማቆሚያ ወስዶ በሌላ ማቆሚያ የሚመልሰው፣ የራሱ ሳይሆን በየተራ የሚገለገልበት ብስክሌት ሲሆን፣ ፓሪስ ቬሊብ የተባለውን አገልግሎት በ2007 እ.ኤ.አ. ከጀመረች ወዲህ ማቆሚያው ባዶ ሲሆን ሰው ወዴት እንደሚዞር ማጥናት የትራንስፖርት ምሁራን ትልቅ ሥራ ሆኗል። በወላይታ ሶዶ ይህን የጋራነት ቦታ የያዘው ባለሦስት እግሩ ባጃጅ በመሆኑ፣ ጥያቄው እዚህ ሲነሣ መልኩን ይለውጣል፤ መልሱም ከዋጋ ይልቅ በሸክም፣ በዳገትና መንገድን በማወቅ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በመሆኑም በሜዳማዎቹ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት የሚሰጠው ምቾት እዚህ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጁ ከመንገድ ወደ ማደያ ሰልፍ ይዛወራል፤ የቀሩት ጥቂቶችም ሦስቱን መቀመጫ ለአንድ ሰው በሚሰጠው፣ ኮንትራት በሚባለው ስምምነት ካልሆነ አይሄዱም። ደብተር ብቻ የያዘ ተማሪ ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርዳል፤ የቸኮለ ሠራተኛ ሞተር ላይ ይፈናጠጣል። ሶዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች በኋላ ከሌላ ዞን የሚመጣው ባለጉዳይ ግን፣ የሚሄድበት ቢሮ አሥር ደቂቃ የማያስኬድ ቢሆን እንኳ፣ አቋራጩን ስለማያውቅ ኮንትራት ይይዛል፤ በዚህ አኳኋን አለማወቅ ራሱ ታሪፍ የሌለው ክፍያ ይሆናል።

ከሁሉም የሚከብደው የገበያተኛዋ ጉዳይ ነው። ጎደሬ ወይም ስኳር ድንች በጆንያ የያዘች ሴት በእግሯ እንዳትሄድ ዳገቱ፣ ሞተር እንዳትይዝ ሸክሟ፣ ኮንትራት እንዳትነጋገር ትርፏ ይከለክላታል፤ ስለዚህ ሌሎቹ አማራጭ በሚመርጡበት ሰዓት የእርሷ ምርጫ መጠበቅ፣ አለዚያም በማግሥቱ ከገበያ መቅረት ነው። የመስኩ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ጉዞ የተደበቀ ፍላጎት ይሉታል፤ ይኸውም ሰው ሊሄድ ፈልጎ መጓጓዣ በማጣቱ ያልሄደበት፣ በመሆኑም በየትኛውም የተሳፋሪ ቁጥር ውስጥ የማይገባ ጉዞ ማለት ነው። የጋራ ብስክሌት መዝገብ የተነዳውን እንጂ ባዶ ማቆሚያ አይቶ የተመለሰውን እንደማያሳይ ሁሉ፣ የባጃጅ ስምሪትም ስንት ሰው እንደ ጫነ እንጂ ስንቱን ትቶ እንዳለፈ አይናገርም። የከተማው ስምሪት የተሳፈረውን ብቻ እየቆጠረ መስመር ቢደለድል፣ ብዙ ባጃጅ የሚመድበው ቀድሞውንም ብዙ ባጃጅ ባለበት መስመር ይሆናል።

ይህ የመጓጓዣ እጦት በተለይ ጎልቶ የሚታየው የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በሚከበርበት በመስከረም ነው፤ ከየአገሩ የሚገባው ሰው መናኸሪያውን በሚያጨናንቅበት በዚያ ሰሞን ለአካባቢው ገበያተኛ የሚተርፍ መቀመጫ እምብዛም አይገኝም። የተደበቀውን ፍላጎት መቁጠር የሚፈልግ ባለሙያ ተራ አስከባሪው ከሚቆምበት ይልቅ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከጨለመ በኋላ የጆንያዋን ግማሽ ለባለሱቅ አደራ ሰጥታ ግማሹን አዝላ ዳገቱን የምትጀምረው ሴት በምታልፍበት ጥግ ቢቆም ይሻለዋል።