ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ሲቀር

ዛሬ ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ፣ ወደ ሰቆጣ ልውሰዳችሁ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት በዚያ አገር ጥይትና ፍንጣሪ ያገኛቸው ብዙዎች ናቸው። ባል እግሩን የቆሰለበትን አንድ ቤት በልባችሁ አስቡ። ቁስሉ ከደረቀ ቆይቷል። ሌሊት ግን ጋቢው ሲነካው እንኳ «እሳት ነው!» ብሎ ይነሣል። ሚስት ታያለች፤ ከጠባሳ በቀር ምንም የለም። በቀን 2 የነበረው ትራማዶል 6 ደርሷል። «ሱስ ይዞሃል» ትለዋለች። «አላመንሽኝም» ይላታል። ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

አጥንት ሲሰበር ነርቭ መልእክተኛ ነው፤ የሆነውን ለአንጎል ይናገራል። ነርቭ ሲጎዳ ግን የቆሰለው መልእክተኛው ራሱ ስለሆነ ያልተላከበትን ወሬ ያመጣል። ይህ በእንስሳት ላይ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1988 ቤኔትና ዢ የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጦችን ትልቁን የጭን ነርቭ ላላ አድርገው በክር አሠሩት። አይጦቹ እግራቸው ጥቂት ሲነካ እንኳ ይሸሹ ጀመር። (ለአይጦቹ ማዘኔ አልቀረም።) ለሌላ ሕመም የሚበቃው የሞርፊን መጠን ለዚህኛው ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሞርፊንና ትራማዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች እንደ ቁልፍ ናቸው፤ ነርቭ ሲጎዳ የሚገቡባቸው ጓጉንቸሮች በተጎዳው ነርቭ ላይ ይቀንሳሉ። ሞርፊንን የሚቃወም ኮሌሲስቶኪኒን የተባለ ንጥረ ነገርም ሥራውን ያከብዳል።

ከዚህ የባሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ ኮሎራዶ የወጣው ጥናት ነው። ነርቫቸው ከተጎዳ በኋላ ለ5 ቀን ብቻ ሞርፊን የተሰጣቸው አይጦች ሕመማቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ለወራት ረዘመ። መድኃኒቱ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን የመከላከያ ሴሎች ቀስቅሶ ነበር። አይጥ ሰው አይደለችምና ከዚህ ተነሥታችሁ ሞርፊንን አትጥሉ፤ ለካንሰር ሕመምተኛና ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ሰው ትልቅ እረፍት ነው።

ለነርቭ ሕመም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ነው። የመጀመሪያው ለድብርትም ስለሚሰጥ «እብድ አደረጉኝ እንዴ?» የሚል ባል አይጠፋም። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ግን በትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ ነው፤ ለውጡም ሳምንታት ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አትተዉት። ከትራማዶል ጋር በራሳችሁ አትቀላቅሉት፤ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ትራማዶሉንም በአንድ ቀን ማቆም ሌላ ሥቃይ ነው፤ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ስለዚህ እኅቴ፣ ክኒኑን ከመደበቅሽ በፊት አብራችሁ ሂዱ፤ ሰቆጣ ላይ ከሆናችሁ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል። ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ አንቺ ተናገሪ። አንተም ወንድሜ፣ ቁጥሩን አታሳንስ፤ የዋጥካቸውን ባዶ ማሸጊያዎች በፌስታል ይዘህ ሂድ።