መላ በሉኝ፦ የአባቴ የዱቤ መዝገብ አልከፍት አለኝ

«ለአምዱ አዘጋጅ፤ የቆቦ ልጅ ነኝ። አባቴ እህል ነጋዴ ናቸው። የማሽላውንና የጤፉን ዱቤ ለዓመታት የመዘገቡት በአሮጌ የዶስ ፕሮግራም ነው። ባለፈው ወር ኮምፒውተሩ ሞተ። ፋይሎቹን ባለሙያ ላፕቶፔ ላይ ገለበጠልኝ፤ ፕሮግራሙ ግን አልነሳ አለ። አሁን አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ‹ዕዳዬን ከፍያለሁ› ይላሉ፤ አባቴ ‹አልከፈሉም› ብለው ተኮራርፈዋል። ጉዱ ምን መሰለህ? የኚህን ሰው ልጅ ላገባ ሽማግሌ ልልክ ነበር! እባክህ መላ በለኝ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። አይዞህ፣ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ዶስ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ የ16 ቢት ዘመን ሥራ ነው፤ 64 ቢት የሆነ ዊንዶውስ ደግሞ እንዲህ ያለውን አያስነሳም። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ለኮምፒውተር የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው።

መላው ይኸውልህ። መጀመሪያ ፋይሎቹን ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጥ፤ ዋናውን አትንካ። ከዚያ ዶስቦክስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫን። እሱ ላፕቶፕህ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር አስመስሎ ይሠራል። «ማውንት» በሚለው ትእዛዝ ፎልደሩን ታሳየውና የፕሮግራሙን ስም ትጽፋለህ። ግን ልብ በል! ዶስቦክስ ለጌም ተብሎ የተሠራ ነው፤ የድሮውን አንብብበት እንጂ አዲስ ሂሳብ አትመዝግብበት። የፋይሉ ስም መጨረሻ «ዲቢኤፍ» ከሆነማ በኤክሴልም ሊከፈት ይችላል። በአማርኛ ከተጻፈ ግን ፊደሉ ቢዘበራረቅብህ አትደንግጥ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ፕሮግራሞቹ በየራሳቸው ኮድ ነበር የሚጽፉት። ያኔ በድሮው ፕሮግራም ላይ እያየህ በእጅህ ገልብጠው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መዝገቡን ብቻህን ከፍተህ «አባዬ፣ ተሳስተሃል» እንዳትል! ሁለቱን አባቶች ጎን ለጎን አስቀምጠህ ክፈተው። ደግሞስ ኮምፒውተር የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ አይደል? በገበያ ቀን ግርግር፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሳይመዘገብ የቀረ ክፍያ ቢኖርስ? ስክሪኑ ላይ ዕዳ ቢታይም አዛውንቱ ይናገሩ፤ ምስክርም ካለ ይጠራ።

እኔ ብሆን ሽማግሌ የምልከው መጀመሪያ ለዕርቁ ነው፤ ለጋብቻው ከዚያ ይደርሳል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጻፉልኝ።