የአያት ቂም ለልጅ ልጅ

ባለፈው ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የአንድ አባት ነው። ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ «አባዬ፣ ክፍላችን አዲስ ልጅ ገባ። ቲቸር ስም ስትጠራ የአያቱ ስምና የኔ አያት ስም አንድ ሆነ» አለቻቸው። ስሙ ብዙ የሚሰማ ስላልሆነ ልባቸው ደንገጥ አለ፤ ሆኖም «ስም ይመሳሰላል» ብለው አለፉት። ልጅቷ ግን አልተወችውም። በማግስቱ የልጁን አባት ስም ይዛ መጣች። የታናሽ ወንድማቸው ስም ነበር።

ወንድማማቾቹ የእናታቸው ተዝካር ከወጣ በኋላ በቤት ክፍፍል ተቀያይመው፣ ሳይነጋገሩ 11 ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱም ልጆች የተወለዱት ከዚያ ወዲህ ነው። «የአጎትሽ ልጅ ነው ብላት ‹ታዲያ ለምን አላውቀውም?› ትለኛለች፤ ምን ልበላት?» ይላሉ። ወረድ ብለው ደግሞ «እኔ ክርስቲያን ነኝ። አባታችን ሆይ ስደግም ስለ በደል የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ ይላል» ብለዋል።

ልጅቷን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። እውነቱን ይንገሯት፦ የአጎቷ ልጅ መሆኑን፣ እርስዎና አጎቷ መጣላታችሁን፣ ጠቡ የልጆቹ አለመሆኑን፣ አብራው መጫወት እንደምትችል። ቤቱ በስንት እንደ ተሸጠ፣ ማን ምን እንደ ወሰደ፣ የአጎቷ ሚስት ለቅሶ ላይ ምን እንዳለች ለዚህ ዕድሜ አይነገርም። መልእክተኛም አያድርጓት። «አባትህን ሰላም በልልኝ በይው» ማለት እንኳ ለልጅ ትከሻ ከባድ ነው።

ልጆች የጠባችንን ምክንያት አያውቁትም። የሚያውቁት በፋሲካ የማይመጣ ዘመድ መኖሩን ነው። የአንድ ሰው ስም ሲነሳ እናታቸው ወደ ጓዳ ትገባለች፤ አልበም ሲገለጥ ቶሎ የሚታለፍ ፎቶግራፍ አለ። ሠርግ ሲደርስ ካርድ የማይጻፍለት ሰው ይኖራል። ልቅሶ ሲሆን ሁለቱ ወገኖች በአንድ ድንኳን ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። ልጁ አድጎ የራሱ ልጅ ሲኖረው ይህንኑ ይዞ ይቀጥላል፤ ለምን ብትሉት መልስ የለውም።

ለእኚህ አባትና ለመሰሎቻቸው አንድ ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። የዮሴፍን ታሪክ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 ጀምረው እስከ መጨረሻው፣ እንደ አዲስ፣ ቀስ ብለው ያንብቡት። ሁላችንም የምናውቀው ስለሚመስለን እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት ተረት እናልፈዋለን። ውስጡ ያለው ግን የእኛው ቤት ነው።

ጠቡ የተጀመረው ከአባት ነው። ያዕቆብ አንዱን ልጅ ከሌሎቹ አብልጦ መውደዱን አልደበቀም፤ ኅብረ ቀለም ያለው ቀሚስ አደረገለት። ወንድሞቹ ቀሚሱን ባዩ ቁጥር ሆዳቸው ሻከረ። በእኛም ቤት ብዙ «ቀሚስ» አለ። አንዱ ጥሩ ትምህርት ቤት ሲገባ ሌላው ሱቅ ሲጠብቅ ያደገበት፣ አንዷ ወደ ውጭ ስትላክ ሌላዋ እናት ለማስታመም የቀረችበት። ወላጅ ካረፈ በኋላ በቤት ክፍፍል የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ስለ ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ከ30 ዓመት በፊት ስለ ተሰፋ ቀሚስ ነው።

ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ተሸጠ። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው፣ ረሃቡ ሁለት ዓመት ከሆነው በኋላ ለወንድሞቹ ራሱን ገለጠ። ቢቆጠር 22 ዓመት ገደማ ነው። በመሐል የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር መከራዬንና የአባቴን ቤት አስረሳኝ ማለቱ ነበር። ነገር ግን ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው ባያቸው ጊዜ ዘወር ብሎ አለቀሰ። የረሳ ሰው እንዲህ አያለቅስም። «እኔማ ረስቼዋለሁ፣ ስሙንም አታንሡብኝ» የሚሉ ዘመዶች ባሉበት ቤት ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም።

ሌላም አለ። ዮሴፍ ወዲያው አልተገለጠላቸውም። ስምዖንን አስቀረ፤ ጽዋውን በብንያም ጓዝ ውስጥ አስደበቀ፤ ወንድሞቹ ትንሹን ጥለውት ይሄዱ እንደሆነ አየ። ይሁዳ «በእሱ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ብሎ በቆመ ጊዜ ግን መታገሥ አቃተው። ይህን ጊዜ በመጀመሪያ ያደረገው በክፍሉ የነበሩትን ግብጻውያን ሁሉ ማስወጣት ነው። የወንድሞቹን ነውር በባዕድ ፊት አላወጣውም። በእኛ ሽምግልና ላይ አንዳንዴ ይህ ይጎድላል፤ ሃያ ሰው ተሰብስቦ፣ ቡና እየተፈላ፣ የአንድ ሰው በደል ተዘርዝሮ ከተነገረ በኋላ «በሉ ተሳሳሙ» ይባላል። ይሳሳማሉ። ከዚያ በኋላ ግን በዳይ ያፈረበትን ጉባኤ፣ ተበዳይም የተቻኮለበትን እርቅ አይረሱም።

እኔን ከሁሉ የሚነካኝ የመጽሐፉ መጨረሻ ነው። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት፣ ወንድሞቹ «አባታችን ሞተ፤ እንግዲህ ይበቀለናል» ብለው ፈሩ። ከዚያ ሁሉ ልቅሶና መተቃቀፍ በኋላ፣ ከ17 ዓመት የዮሴፍ እንጀራ በኋላ! ይቅርታ የተደረገለት ሰውም ይቅር መባሉን ለማመን ጊዜ ይፈጅበታል። ዮሴፍ ይህን ሲሰማ እንደገና አለቀሰ፤ አጽናናቸው፤ እነርሱንም ልጆቻቸውንም እንደሚመግብ ቃል ገባላቸው። ልጆቻቸውንም ማለቱን ልብ ይበሉ።

አያቶች ደግሞ ምዕራፍ 48ን ያንብቡ። ያዕቆብ ዓይኑ ፈዞ፣ ሞቷል ብሎ ያለቀሰለት የዮሴፍን ልጆች ኤፍሬምንና ምናሴን አቅፎ ይስማል፤ ይመርቃቸዋል። ዮሴፍ ቂሙን ይዞ እህሉን ብቻ ሸጦ ወንድሞቹን አሰናብቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ ሽማግሌው እነዚያን ልጆች ሳያይ በሞተ ነበር።

ስለ ፈውስ ብዙ ይባላል። ቋንቋችን ራሱ ይቅርታንና ጤናን በአንድ ቃል አስሯቸዋል። በደለኛ «ማረኝ» ይላል፤ በሽተኛ ስንጠይቅም «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ነው። በማርቆስ ወንጌል አራት ሰዎች ተሸክመው ላመጡት ሽባ ጌታ መጀመሪያ የሰጠው ሥርየትን ነው፤ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሆኖም ይህን ይዘን የታመሙ እናታችን አጠገብ ቁጭ ብለን «ስኳሩ የመጣብሽ ቂም ይዘሽ ነው» እንዳንል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን ኃጢአት እንደ ሠራ ሲጠይቁት፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መልሷል። ይቅርታ የደም ግፊት ኪኒንም አይተካም። በደሉን በሐሳቡ ደጋግሞ የሚያመላልስ ሰው ግን ልቡ እንደሚመታ፣ ግፊቱ ከፍ እንደሚል፣ እንቅልፉ እንደሚሸሽ ሐኪም ሳይነግረን ከጎናችን ከተኛው ሰው እናውቃለን።

በአሜሪካ የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የሆኑት ኤቨሬት ዎርቲንግተን ይቅርታን ሲያጠኑ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 መገባደጃ እናታቸው ቤታቸው ውስጥ ተገደሉባቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ ሲያስተምሩት የነበረውን በራሳቸው ላይ መፈተን ግድ ሆነባቸው። የሚያደርጉት አንድ ልዩነት ለእኛ ቤት በጣም ይጠቅማል፦ በውሳኔ ይቅር ማለትና በስሜት ይቅር ማለት የተለያዩ ናቸው ይላሉ። ውሳኔው በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ አልበቀልም፣ እንደ ሰው እቀበለዋለሁ ማለት ነው። ስሜቱ ግን ቀስ እያለ ይከተላል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካሉ በኋላ በሳምንቱ ንዴቱ ቢመለስብዎ ይቅርታው ውሸት ነበር ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ጠንከር ያለ ነገር ልናገር። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ሽማግሌ ልኮ በታረቀ ቁጥር «ክርስቲያን አይደለሽም ወይ?» እየተባለች ወደዚያው ቤት የምትመለስ ሴት አለች። በዘመድ የተደፈረች ልጅ «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ዝም እንድትል ይደረጋል። ይህ ይቅርታ አይባልም። ይቅር ማለት አንድ ሰው በልቡ የሚያደርገው ነው፤ እርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አብሮ መኖር ደግሞ ከሁለቱም ሌላ ነው። የቀድሞ አባቶቻችን ሥርዓትም በዳይን ድንጋይ አሸክሞ በተበዳይ እግር ላይ ያስወድቅ ነበር፤ ካሣም ያስከፍል ነበር። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ የተቀበለ ቀን የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ ብሏል። ሴትዮዋ በልቧ ይቅር ብላ በር ልትዘጋ፣ ወደ ፖሊስም ልትሄድ ትችላለች። ለልጅቷ ግን ማንም «ይቅር በዪ» ከማለቱ በፊት ከዚያ ሰው ማራቅና ሕግ ዘንድ መድረስ የእኛ የትልልቆቹ ግዴታ ነው።

የወንድማማቾቹ ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ አይደለም። ገንዘብ ነው፣ ክፉ ቃል ነው፣ ኩራት ነው። «11 ዓመት ካለፈ በኋላ ከየት ይጀመራል?» ለሚሉ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ላስታውስ። በሀገር ቤትና በውጭ ያሉት ሁለቱ ሲኖዶሶች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይተው፣ ተወጋግዘውም ኖረዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ እናት የወለደቻቸው በየፊናቸው የሚያስቀድሱበት ጊዜ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ታረቁ፤ ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ እርሳቸውና አቡነ ማትያስ ሁለቱም ፓትርያርክ ተባሉ። ማን ትክክል ነበር የሚለው ክርክር እስኪያልቅ ቢጠበቅ ኖሮ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲያርፉ ሀገራቸው ባልተገኙ ነበር።

ስለዚህ ለጠያቂያችን፦ የቤቱን ሒሳብ ለብቻው ያቆዩት። ካስፈለገ ጠበቃ ይየው። መጀመሪያ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሰው፣ የንስሐ አባትዎን ወይም ከእናትዎ ወገን የቀሩ አክስት ካሉ እርሳቸውን፣ ብቻቸውን ይላኩ። አንድ ሰው ይበቃል። የሚላከውም ቃል ስለ ቤቱ አይሁን።

ለአያቶች የምለው ከዚህ ይለያል። ቆራቢ ናችሁ፤ ትጾማላችሁ፤ ልጆቻችሁ መጣላታቸው ሌሊት እንቅልፍ ይነሣችኋል። ብዙዎቻችሁ ነገሩን ለኑዛዜ ታቆዩታላችሁ፤ «ስሞት ይታረቃሉ» ትላላችሁ። አልጋ ላይ ሆኖ የሚነገር ቃል አንዳንዴ ያስታርቃል፤ አንዳንዴ ደግሞ «እማዬ ያለችው ለእኔ ነው» እየተባለ አዲስ ክርክር ይወልዳል። ዛሬ ጉልበት ሳለ ሁለቱንም ለየብቻ ጥሩና አነጋግሩ።

ቀሚሱን የሰፋችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። በእኛ ባህል ልጅ የወላጁን ጉልበት ይስማል እንጂ ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙ አይታይም። ማዕረግ የሚቀንስ ይመስለናል። ነገር ግን የ50 ዓመት ሰው የሆነው ልጅዎ፣ «ያን ጊዜ ወንድምህን አስተምሬ አንተን ሱቅ ማስቀመጤ በደል ነበር፤ ይቅር በለኝ» የሚለውን ቃል ሲጠብቅ ኖሮ ይሆናል። እንግዳ በሌለበት ቀን ይንገሩት። «ግን ያኔ ችግር ነበር» የሚለውን አይጨምሩበት፤ ችግሩን እሱም ያውቀዋል። ወዲያው መልስ ባይሰጥ አይጠብቁት። ቡናው ይቀርባል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል፣ እሱም ተሰናብቶ ይሄዳል። ምናልባት በሳምንቱ ይደውልና ስለ ጤናዎ ብቻ ጠይቆ ይዘጋል። እንደገና ሲደውል ያንሡለት።