ልጅሽን ለማን ጥለሽ ነው?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው። ሐኪም ያዘዘው ይሮጣል፣ ቦርጩ ያሳፈረው ይሮጣል፣ ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ ኃጢአቱን በላብ ሊያጥብ የወጣውም ይሮጣል። ማንም ምንም አይላቸውም። እኔ ግን ልጄ አምስተኛ ወሩን በያዘ ሰሞን የስፖርት ጫማዬን አጥልቄ ብቅ ስል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው አዩኝና፣ ‹‹ልጄ፣ ወልደሻል ሲሉ ሰምቼ? ሕፃኑን ለማን ጥለሽ ነው?›› አሉኝ።

‹‹ከአባቱ ጋር ነው አባባ›› አልኳቸው።

‹‹ከአባቱ?!›› አሉ። ሕፃኑን ለሐይቁ ጉማሬ አደራ ሰጥቼው የመጣሁ ነው የመሰላቸው።

በዚያችው ደቂቃ ሁለት ጎልማሶች እያለከለኩ አጠገባችን አለፉ። አንደኛው የጎረቤቴ ባል ነው፤ ሚስቱ ከእኔ በሦስት ሳምንት ቀድማ ነው የወለደችው። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ‹‹በርታ!›› አሉት። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ በእኔ ጥያቄ እና በእሱ ‹‹በርታ›› መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ነገሩ ከሩጫም ያለፈ ነበር። ትራያትሎን የሚባለውን ስፖርት ካወቅኩት ቆየሁ። ሳያርፉ መዋኘት፣ ብስክሌት መንዳት፣ ከዚያ መሮጥ ነው። በኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ሲሆን፣ ርቀቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። የዚህ ግማሽ የሆነው አጭሩ ደግሞ 750 ሜትር፣ 20 ኪሎ ሜትርና 5 ኪሎ ሜትር ነው። ልጄ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ይህችን አጭሯን ልጨርስ ለራሴ ቃል ገባሁ። ውድድሩን ያዘጋጀ የለም፤ አዘጋጇም፣ ተወዳዳሪዋም፣ የመጨረሻዋም እኔው ነኝ።

አገር ምድሩ ምክር ይዞ መጣ። ‹‹ወገብሽ ሳይጠና!›› ‹‹ብርድ ይመታሻል!›› ‹‹ወተትሽ ይነጥፋል!›› ልዋኝ የሄድኩበት ሆቴል ጥበቃ እንኳ፣ ‹‹ባለቤትሽ ያውቃል?›› ብሎኛል። የመታወቂያ ያህል የባል ፈቃድ ይዤ ልዙር እንዴ?

መካሪዎቼን በደፈናው አልንቅም። የአራስ ቤት ወጋችን ብልህ ወግ ነው። ወንድ ከተወለደ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እናቲቱ ቤት ትቀመጣለች። ገንፎው ይገነፋል፣ ቅቤው ይፈስሳል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ያጥብላታል፣ ያበስልላታል። ዕድሜዋን ሙሉ ስታገለግል የኖረች ሴት የምትገለገልበት ጊዜ ቢኖር ያ ብቻ ነው። የተቀደደ ሰውነት መዳን አለበት፣ በቀዶ ጥገና የወለደችው ደግሞ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋታል። ሐኪም ሳያያት ሩጪ የሚላት ሰው ጠላቷ ነው።

ግን እስቲ በእውነት እንነጋገር። ያ ወግ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዞ ነበር፦ እረፍትና ክልከላ። ዛሬ ከተሜው እረፍቱን በላው። ጎረቤቱ በሩን ዘግቷል፣ እናት ሩቅ አገር ናት፣ ገንፎው የአንድ ሳምንት ነው። አራሷ በሁለተኛው ሳምንት ልብስ ታጥባለች፣ በሦስተኛው እንግዳ ታስተናግዳለች። ያኔ ‹‹ወገብሽ ሳይጠና›› የሚላት የለም! ባሊ ስታነሳ ወገቧ ብረት ነው፤ ብስክሌት ስትነዳ ግን ሸምበቆ ይሆናል። እረፍቱ ጠፋ፣ ክልከላው ቀረ። እኔ የምቃወመው ወጉን ሳይሆን ይህን ማጭበርበር ነው።

በሕክምናውም በኩል ቢሆን ክልከላው መቆሚያ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ፣ የሚከለክላት የጤና ችግር እስከሌለ ድረስ የወለደች ሴት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ወተቱም አልነጠፈም። እንዲያውም መከራዬ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ጡቴ እያጋተ ሸሚዜን አረጠበው።

በሌላው ወገን ደግሞ ሌላ ዓይነት መካሪ አለ። ይኼኛው ዘመናዊ ነው። ‹‹ምን ታካብጃለሽ፣ ደራርቱ ወልዳ ሮጣ የለ?›› ይላል። እውነት ነው፣ ሮጣለች። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች፣ ወለደች፣ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ያንኑ ወርቅ ደገመች። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2007 ዓ.ም. ወልዳ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከሪዮ ነሐስ ይዛ ተመልሳለች። አልማዝ አያና ከወሊድ በኋላ በ2015 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:17:20 ጨርሳለች። በትራያትሎን ከሄድን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ባለወርቅ የነበረችው ስዊዘርላንዳዊቷ ኒኮላ ሽፒሪግ በዓመቱ ወልዳ ሪዮ ላይ ብር አግኝታለች።

እነዚህ ሴቶች ኩራቶቻችን ናቸው። ነገር ግን ጀግና ሲኖረን እንደ አለንጋ ነው የምንጠቀምበት። ደራርቱ ስትሮጥ ሥራዋን እየሠራች ነበር፤ ልምምዷ እንጀራዋ ነው፣ ሰዓቷን የሚጠይቃት የለም። የባንክ ጸሐፊዋ፣ መምህሯ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ስፌት ቆማ ውላ የምትመለሰዋ እናት የጎደላት ጉልበት አይደለም፣ ሰዓት ነው። ትልቁን ሩጫ የሚያዘጋጁት ሰዎች ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ‹‹ቅድሚያ ለሴቶች›› እያሉ በ5 ኪሎ ሜትር በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን ያስሮጣሉ። እሰየው! ግን ያ በዓመት አንድ ጠዋት ነው። የቀሩትን ጠዋቶች ማን ይስጣት?

ሕጉ መልሱን ጀምሮታል፣ አልጨረሰውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት ስንት ሰጠ? ሦስት ቀን። በሦስት ቀን ዳይፐር መቀየር እንኳ አይለመድም። ሕጉ ራሱ ለአባትየው ‹‹አንተ እንግዳ ነህ፣ ቡና ጠጥተህ ሂድ›› እያለው ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ለሽማግሌው ‹‹ከአባቱ ጋር ነው›› ያልኳቸው ውሸት ነበር። አባቱ ተኝቶ ነበር። ሕፃኑን የያዘችው ሠራተኛችን ናት፤ ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ። በተለማመድኩባቸው ጠዋቶች ሁሉ የእኔ ነፃነት በእሷ ጀርባ ታዝሎ ነበር። አንድ ቀን ከዋና ስመለስ ፎጣዬን እየተቀበለችኝ፣ ‹‹እትዬ፣ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ምን ይላል?›› ብላ ጠየቀችኝ። ያደገችው ሐይቅ በሌለበት አገር ነው፤ ሐዋሳ ከመጣች ዓመት ቢሞላትም ሐይቁን ያየችው ለገበያ ስታልፍ ብቻ ነው። አፈርኩ። ስለ ሴት መብት የማወራው እኔ ሸክሜን ወደ ባሌ አላዞርኩትም፤ ወደምትችለው ሳይሆን እምቢ ወደማትለው ነው ያዞርኩት። ‹‹የነቃን›› የምንባል የተማርን ሴቶች ይህን በየቤታችን እንየው።

ማታውኑ ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። ‹‹እኔ እኮ አልከለከልኩሽም!›› አለ። አለመከልከል እንደ ስጦታ! ‹‹አልከለከልከኝም፣ ግን አልያዝክልኝም›› አልኩት። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ልጁ ሲያለቅስ የተነሳው እሱ ነበር። አንቀልባውን ገልብጦ አሠረው፣ ግን አሠረው።

ቀኑ ደረሰ። ጉማሬውንም ቢልሃርዝያውንም ስለፈራሁ የዋኘሁት በሆቴል ገንዳ ነው፤ 15 ሜትሯን ገንዳ 50 ጊዜ። ከዚያ በጥቁር ውኃ በኩል በሻሸመኔ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ሄጄ ተመለስኩ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ የሳይክል ከተማ ናት ይባላል፤ ባጃጁና ሲኖትራኩ ግን ይህን የሰሙ አይመስልም። በትራያትሎን ከአንዱ ስፖርት ወደ ሌላው የሚቀየርበት ጊዜም ይቆጠራል። እኔ ሐይቁ ዳር ስደርስ አባትየው ልጁን አዝሎ ቆሟል፤ ተቀምጬ አጠባሁ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ እሱንም ቆጠርኩት። ከዚያ እስከ አሞራ ገደል እየተጎተትኩ ሮጥኩ፤ ጠቅላላው 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። ሽማግሌው እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ባለቤቴን ከነአንቀልባው ትክ ብለው አዩትና፣ ‹‹አይዞህ›› አሉት። ለእኔ ምንም አላሉኝም።

እኔም የምጠይቀው ጭብጨባ አይደለም። አሠሪዎች የሕፃናት ማቆያ ይክፈቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የእግርና የብስክሌት መንገዱን ከባጃጅ ይለይ፣ መብራቱንም ያብራ፣ የአባቶች ሦስት ቀን ቁጥሩ ይጨመር። ከሁሉ በፊት ግን ያቺ ጥያቄ ትቅር፤ ካልቀረች ደግሞ ለሚሮጡት አባቶችም እኩል ትጠየቅ።

ሠራተኛችን አሁን እሁድን ሙሉ ቀን ታርፋለች። ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች። የት እንደምትሄድ አልጠይቃትም። ሕፃኑን ለማን ትታ እንደምትሄድ ግን አውቃለሁ፦ ለወላጆቹ።