ወረቀቱ ታትሟል

ግንቦት 2013 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በእስር ላይ የነበሩት የተቃዋሚው የባልደራስ ፓርቲ አመራሮች በእጩነት ይመዝገቡ ብሎ ሲወስን፣ የምርጫ ቦርድ የመጀመሪያ መልስ ምን ነበር? ውሳኔውን ለመፈጸም እቸገራለሁ፤ የእጩዎች ምዝገባ አልቋል፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱም ታትሟል የሚል። አንባቢ ታሪኩን ስለሚያውቀው አልደግመውም። ያነሣሁት፣ ወደ ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ስንቃረብ "እስረኛስ ለምን አይመርጥም?" ብሎ ለሚጠይቅ የሚሰጠው መልስ ዛሬም የዚያው መልስ ዘመድ ስለሆነ ነው። አይመችም፤ ጣቢያ የለም፤ ጊዜ የለም።

እስቲ መልሱን ቀስ ብለን እንፍታው። ከሰበሩ ውሳኔ በኋላ እስረኞቹ መብት የላቸውም ብሎ መከራከር አይቻልም ነበር፤ የአገሪቱ የመጨረሻ ችሎት ተናግሯልና። የቀረው ክርክር መብቱማ አለ፣ ግን ማተሚያ ቤቱ ቀደመው የሚል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ ይመርጣል ሲል፣ "ኅትመቱ ካልተጠናቀቀ" የሚል ንዑስ አንቀጽ አላየሁበትም። ምናልባት እኔ ዘንድ ያለው ቅጂ ገጽ ጎድሎት ይሆናል።

ደግሞስ የትኛው ወረቀት ነው ታትሞ የማይመለሰው? የዚያው ምርጫ ቀን ራሱ ከግንቦት 28 ወደ ሰኔ 14 የተገፋው ዝግጅቱ ስላልደረሰ ነበር። በአንዳንድ የምርጫ ክልሎች ወረቀቱ ላይ የኅትመት ስሕተት ተገኝቶ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ተላልፏል። የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች የመረጡት መስከረም 20 ቀን 2014 ነው። ማተሚያ ቤት ሲሳሳት ቀን ይጠበቃል፤ ቦርዱ ሲዘገይ ቀን ይገፋል፤ ፍርድ ቤት ሲያዝ ግን ቀኑ እንደ ጥምቀት የማይነቃነቅ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የሚገርመው የክርክሩ ዕድሜ ማጠር ነው። ብዙም ሳይቆይ ቦርዱ ውሳኔውን እፈጽማለሁ አለ፤ የባልደራስ መሪ እስክንድር ነጋና ባልደረቦቹም ከእስር ቤት ሆነው እጩ ሆኑ። የማይቻለው ተቻለ ማለት ነው። መጀመሪያ አይቻልም ያሰኘው ምን እንደነበር ማብራሪያ አልሰማንም፤ እኛም ሰኔ 14 ሲደርስ ጉዳዩን ትተን ወደ ሰልፉ ሄድን።

ይህን ክርክር ለወላይታ ሰው መንገር ደግሞ ለብቻው ድፍረት ይጠይቃል። ጥር 29 ቀን 2015 በክልል አደረጃጀት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሰጠን። በታዩት ጥሰቶች ምክንያት ቦርዱ የመላውን ዞን ውጤት ሰረዘ፤ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ተሰለፍን፤ እዚህ ዱቦም፣ አረካም፣ ቦዲቲም፣ ሶዶም። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለአንድ ሙሉ ዞን ወረቀቱ ዳግመኛ ታተመ፣ ሳጥኑ ዳግመኛ ዞረ፣ አስፈጻሚው ዳግመኛ ተሰማራ። ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የተበላሸ ውጤት ከመቀበል ሁለቴ መድከም ይሻላል። እንግዲህ ለመላው ወላይታ ከተቻለ፣ ለሶዶ ማረሚያ ቤት አንድ ሳጥን መላክ በምን ሒሳብ ነው ከአቅም በላይ የሚሆነው? እስረኛ የት እንዳለ ይታወቃል። ስሙ በመዝገብ ላይ ነው። ጠዋትና ማታ ይቆጠራል። በዚህ አገር ካለ መራጭ ሁሉ አድራሻው እንደ እሱ የተረጋገጠለት ሰው ያለ አይመስለኝም። በ2013 ለወታደሮች፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያ ተከፍቷል። ተፈናቃይ መኖሪያው ከእጁ የወጣበት ሰው ነው፤ ለእሱ ተቻለ። ከቦታው ለማይነቃነቀው አልተቻለም።

የደቡብ አፍሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ ወጪና ድካም ይዞ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ እስረኞቹም በዚያው ዓመት መረጡ። ከሞያሌ ማዶ ያለችው ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 እስረኞቿን ፕሬዚዳንት አስመርጣለች።

"አይመችም" ሲፈርስ ከሥሩ ሌላ ብቅ ይላል፤ "አይገባቸውም" የሚል። ይሄኛው ቢያንስ ከወረቀት ጀርባ አይደበቅም። ነፍስ ያጠፋ፣ የሕዝብ ገንዘብ የዘረፈ ሰው ሕግ አውጪ ሊመርጥ ነው? ቡና ላይ ሲነሣ እኔም ፈጣን መልስ የለኝም። ሕጉ ራሱ ግን ከቡና ላይ ወሬው ይጠነቀቃል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 123 መሠረት የመምረጥና የመመረጥ መብትን መሻር የዳኛ ሥራ ነው፤ የወንጀሉን ባሕርይና ሁኔታ መዝኖ፣ ጥፋተኛው ለመብቱ የማይበቃ መሆኑን በድርጊቱ አሳይቷል ብሎ ሲያምን። ግዴታ አልተጣለበትም። እንግዲህ በድንበር ጠብ ጎረቤቱን አቁስሎ ሦስት ዓመት የተፈረደበት አንድ የቦሎሶ ሶሬ ገበሬ አለ እንበል። ዳኛው ስለ ድምፁ አንዳች ካላለ፣ ድምፁን ማን ነሣው? በአዋጅም ይሁን ጣቢያ ባለመክፈት ታራሚን በጅምላ ማግለል ዳኛ ያልፈረደውን ቅጣት መጨመር ነው።

በቀጠሮ ላይ ያለውማ ጭራሽ ጥፋተኛ አልተባለም። ሕገ መንግሥቱ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ቁጠሩት ይላል፤ የምርጫ ቀን ሲደርስ ግን ከተፈረደበት ጋር እኩል ይሆናል። የባልደራስ ክርክርም ስለ መመረጥ እንጂ ስለ መምረጥ ስላልነበረ ይህን አልፈታም።

እኛ ዘንድ ይህ የሕግ ትምህርት ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 3 ቀን 2012 የዞኑ አመራሮችና የክልልነት ጥያቄ አራማጆች ሶዶ ውስጥ ከስብሰባ ተይዘው ታሰሩ፤ በተከታዮቹ ቀናት የጠፋውን ሕይወት እዚህ የረሳ የለም። ስድስተኛው ምርጫ መጀመሪያ የተቀጠረው ለነሐሴ 23 ቀን 2012 እንደነበር ግን ብዙ ሰው ረስቶታል። በኮሮና ባይራዘም ኖሮ እነዚያ ሰዎች የታሰሩት ምርጫው 20 ቀን ሲቀረው ይሆን ነበር። ማን ከመራጭነት እንደሚወጣ የሚወስነው የሚፈርደው ሳይሆን የሚያስረው ከሆነ፣ የእስሩን ቀን የሚቆርጠው ክፍል የመራጮችን መዝገብም ያዘጋጃል ማለት ነው።

"አይገባቸውም" ለሚለው ደግሞ አንድ ስም ይበቃል። ሐምሌ 1999 የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት መሪዎች ዕድሜ ልክ ሲፈረድባቸው ፍርድ ቤቱ የመምረጥና የመመረጥ መብታቸውንም ሽሮ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። በቀናት ውስጥ በይቅርታ ወጡ፤ ታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶ ተመልሰው ገቡ፤ መስከረም 2003 ተፈቱ፤ ኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። አንዲት ድምፅ ለመስጠት አይበቁም የተባሉት ሴት የአገሩን ሁሉ ድምፅ እንዲጠብቁ ሆነ። በ2013 "ወረቀቱ ታትሟል" ያለውም እሳቸው ይመሩት የነበረው ቦርድ ነው።

ይህን የማነሣው ለሽሙጥ ብቻ አይደለም። የእስር ቤቱን በር ከውስጥ የሚያውቁት ሰው ሳይቀሩ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የኅትመት መርሐ ግብሩ ከበዳቸው። ስለዚህ ነገሩ የሰው ክፋት አይመስለኝም፤ ከዚያ ወንበር ላይ ሲታይ እስረኛ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳይ ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ አላማረባቸውም፤ ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2024 በ34 ክሶች ጥፋተኛ ተብለው በዚያው ዓመት ፍሎሪዳ ላይ ድምፅ ሰጥተው ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥፋተኛ የተባሉ ወገኖቻቸው ግን ከመራጭነት እንደወጡ ናቸው።

ሁለት ነገር ግን ያስቸግረኛል። አንደኛው በድምፁ በራሱ ላይ ወንጀል የሠራው ሰው ነው፤ ኮሮጆ የሞላ፣ በሌላ ሰው ስም ምልክት ያደረገ። አንቀጽ 123 ለእሱ የተጻፈ እስኪመስል ይመጥነዋል። ዞኔ ሁለቴ የተሰለፈው በእንዲህ ያለ ሥራ ነውና ለእሱ የምሟገትበት አንጀት የለኝም።

ሁለተኛው ይከብዳል። ሳጥኑ ወህኒ ቢገባስ? ምግቡ፣ የጠያቂው ሰዓት፣ የአመክሮው አስተያየት በሌላ ሰው እጅ የሆነ እስረኛ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ይገባል? ገብቶስ ብቻዬን ነኝ ብሎ ያምናል? ጥር 29 ቀን ያ ሁሉ ጥሰት የተፈጸመው በየቀበሌው፣ ሰው እያየ ነው። በግንብ ውስጥ የሚሆነውን ማን ያያል? አንድ የማረሚያ ቤት ጣቢያ መቶ በመቶ ለገዢው ፓርቲ ድምፅ ሰጠ ቢባል ከመካከላችን የሚደነግጥ ስንቱ ነው? የደቡብ አፍሪካም የኬንያም ምሳሌ እዚህ ላይ ብዙ አይራዳኝም። ለእስረኛው የጠየቅኩለት ድምፅ ለጠባቂው ትርፍ ድምፅ ሆኖ ቢያርፍ ማንን ጠቀምኩ?

ሳጥኑ ይግባ የሚል ማመልከቻ ነገ ቢመጣልኝ እፈርም ይሆናል። እፈርምና ታዛቢው ማነው፣ ማንስ ያስገባዋል ብዬ እጠይቃለሁ። የሚመልስልኝ መኖሩን እንጃ።

ደ.ዳ. ዱቦ፣ ወላይታ