ብቻዋን የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ

ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና በከተማ መንገድ ላይ ለምትሞክሩ ኩባንያዎች፣

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሌሊት ታክሲ ስነዳ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የምጽፍላችሁ መሪው ፊት ስለምታስቀምጡት ሰው ነው።

ማርች 18 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አሪዞና ቴምፒ ከተማ ላይ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ የ49 ዓመት ሴት ገጭቶ ገደለ። ኮምፒውተሩ ከ5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። አንዴ መኪና፣ አንዴ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት ይላታል፤ ስም በቀየረ ቁጥር ደግሞ እስከዚያ የመጣችበትን አቅጣጫ ይረሳል። ሰው ከዜብራ ውጭ እንደሚያቋርጥ የነገረው የለም። ቮልቮ የገጠመው የድንገተኛ ፍሬንም ኮምፒውተሩ ሲነዳ እንዳይሠራ ተደርጓል። የቀረው መሪው ፊት የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ እግር ብቻ ነበር፤ እሷ ደግሞ ስልኳን ታያለች።

አጥፍታለች፤ አልከራከርላትም። ነገር ግን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በየመኪናው ሁለት ሰው ይቀመጥ ነበር። አንዱን ያወረደው ኩባንያው ነው። እኔ መሪ ይዤ እንኳ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይከዳኛል፤ ዳር ይዤ እቆምና ፊቴን በውሃ እታጠባለሁ። እጁን አጣጥፎ አንዱን መስመር ሲዞር የሚያመሽ ሰውስ እንዴት ይሆናል? ማሽኑ ደጋግሞ በትክክል ሲታጠፍ ያየ ዓይን መጠበቁን ይተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2019 የተቆጣጣሪዋን መዘናጋት ዋና ምክንያት ቢያደርግም፣ ኩባንያው ሠራተኞቹ በማሽኑ ተማምነው እንዳይዘናጉ በቂ ቁጥጥር አላደረገም ብሏል። በወንጀል የተከሰሰችው ግን እሷ ብቻ ናት፤ በ2023 ጥፋቷን አምና ሦስት ዓመት በገደብ ተቀጣች።

መኪናውን መጀመሪያ የምትፈትኑበት ቦታም አለ፤ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በ2015 ኤምሲቲ የሚባል ነዋሪ የሌለው የሙከራ ከተማ ከፍቷል፤ መስቀለኛ መንገዱም የትራፊክ መብራቱም አለው። ሰውን ከብስክሌት መለየት እንዲህ ያለ ቦታ ተፈትኖ ይለቅ። ወደ እኛ መንገድ ስትመጡ ሁለት ሰው አስቀምጡ፤ ቶሎ ቶሎ አሳርፏቸው፤ ፍሬኑንም አታጥፉ።

ዩ ስትሪት ላይ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሥራ ጨርሰው የሚወጡ ያገሬ ልጆች አሉ። ፌስታል አንጠልጥለው፣ ዜብራውን ትተው፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው በሩጫ ይሻገራሉ። እዚያ ስደርስ ማንም ባይታየኝም እግሬን ፍሬን ላይ አደርጋለሁ።