ሙሳ ዓሊን ሳናውቅ ስለ ድንበር አንጩህ

ወንድሞች፣ እህቶች፣ እስቲ ካርታ ክፈቱ። አፋር ክልል ግቡ፣ ኤሊዳር ወረዳን ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ ሂዱ። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ የሚገናኙበት አካባቢ አንድ ተራራ አለ። ሙሳ ዓሊ ይባላል። ስለ ባሕር በር፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ሉዓላዊነት በቀን ስንቴ ፖስት እናደርጋለን? ይህን ተራራ በስሙ የምናውቀው ግን ስንቶቻችን ነን?

ሙሳ ዓሊ እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ነው። አናቱ ጥንት ተደርምሶ ሰፊ ጎድጓዳ ሆኗል። ከፍታው አንዱ መጽሐፍ ላይ 2,021 ሜትር፣ ሌላው ላይ 2,028 ሜትር ተብሎ ታገኙታላችሁ። ለጅቡቲ ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለም፤ የሀገሪቱ ጣራ እሱ ነው። ለእኛስ? አዲስ አበባ ራሷ ከሙሳ ዓሊ ጫፍ ትበልጣለች! ራስ ዳሸን ደግሞ እጥፉን አልፎ ይሄዳል። ታዲያ ለምን እናውቀው? ተራራ በቁመቱ ብቻ አይለካማ። ዙሪያው ቆላና በረሃ በመሆኑ እዚያ የቆመ ሰው ሦስት ሀገር ያያል።

ታሪኩንም እንይ። ፋሺስት ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን እንደተሻገረ ሁላችንም ተምረናል። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ለሚገኘው የመንግሥታት ማኅበር ቴሌግራም ልከው ነበር። የጣሊያን ወታደሮች ድንበራችንን ጥሰው ገብተዋል የሚል ነው። የት? ሙሳ ዓሊ አካባቢ። የዚያ ወረራ አቤቱታ ዓለም ፊት ሲቀርብ የተጠራው ስም ይሄ ነው። እኛ ግን መረብን ይዘን ሙሳ ዓሊን ረሳነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ባሕሩ እዚህ ሆኖ ድንበሩ ለምን እዚያ ቀረ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። መልሱ ያለው ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ መንግሥትና በጣሊያን መካከል የተፈረመው ውል ላይ ነው። ውሉ በዚያ በኩል ድንበሩ ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ እየሄደ የፈረንሳይን ይዞታ እስኪነካ እንዲዘልቅ ይላል። ሁለቱ መንግሥታት መሬት ላይ ወርደው፣ ከመልክዓ ምድሩ ጋር አስማምተው፣ በጋራ ምልክት ሊያቆሙም ተስማምተው ነበር። አላደረጉትም። መስመሩ ወረቀት ላይ ቀረ።

ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት በቡሬ ግንባር የወደቁትን ወጣቶች አስቧቸው። በእኛ ዕድሜ የነበሩ ልጆች ናቸው። የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሲሰጥ በምሥራቁ ክፍል የተመለሰው ወደዚያው ወደ 60 ኪሎ ሜትሩ መለኪያ ነው። በሁለት መንግሥታት ቸልተኝነት መሬት ላይ ሳይሰመር የቀረ መስመር በኋላ በወጣት ደም ይጠየቃል ማለት ነው። ስለዚህ የድንበር ወሬ የላይክ መሰብሰቢያ አይደለም።

የስሙ ጉዳይም ቀላል አይደለም። ሙሳና ዓሊ ሁለቱም የሰው ስሞች ናቸው፤ ሙሳ ማለት የእኛው ሙሴ ነው። የጣሊያን ካርታ በራሱ አጻጻፍ፣ የፈረንሳይ ካርታ በራሱ አጻጻፍ ጻፉት። እኛ ደግሞ ከእነሱ ገልብጠን «ሞውሳ» ምናምን እንላለን። እንዴ! ባለቤቱ እያለ? አፋርኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ዐ» የሚለውን የጉሮሮ ድምፅ የሚይዘው እንግሊዞች «ኪው» የሚሉት ፊደል ነው። «ዐፋር» የሚለው ስም ራሱ የሚጀምረው በዚሁ ፊደል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የአፋርኛ ጽሑፍ ሲያይ «ቃፋር»፣ «ቃሊ» ብሎ ያነባል። ፊደላችን ግን ዓይኑን «ዓ» ይዟል፤ ሙሳ ዓሊ ብሎ በትክክል መጻፍ ይችላል። የራሳችን ፊደል እያለን ስሙን በሰው ካርታ ማበላሸት ምን የሚሉት ሀገር መውደድ ነው?

ደግሞ አንድ ነገር አንርሳ። ያ አካባቢ የአፋር ሕዝብ አገር ነው። ኤርትራ ከመለየቷ በፊት፣ ጅቡቲም ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃ ከመውጣቷ በፊት እዚያ ነበረ፤ ዛሬም በሦስቱም ሀገር ይኖራል። ስለዚያ ድንበር ስንጽፍ «ባዶ በረሃ» የምንል ከሆነ ስለ ሀገራችን ሳይሆን ስለ ካርታ ቀለም ነው የምናወራው። ሙቀቱን ችሎ፣ ግመሉን እየነዳ ዳር ድንበሩን የሚጠብቀው ሰው ከእኛ ኮሜንት በላይ ሠርቷል።

እንግዲህ ከእናንተ የምንጠይቀው ይሄን ነው። ምንጩ ያልታወቀ፣ አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሳለውን ካርታ ሼር አታድርጉ። የ1900ውን ውል አግኝታችሁ አንብቡ፤ ጥያቄ ካለን ጥያቄያችን በእውቀት ይቁም። አፋር ጓደኛ ያላችሁ፣ የተራራውን ስም እንዴት እንደሚጠራው ጠይቁትና በድምፁ ቀድታችሁ ላኩልን፤ እዚሁ ገጽ ላይ እንለቀዋለን። ስሙንም ሁሌ ሙሳ ዓሊ ብላችሁ ጻፉ።

ሀገሩን የሚወድ የሀገሩን ጥግ ያውቃል።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!